በእሳት የሚቀዘቅዘው ፍሪጅ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን የጎን መስታወት ሰብረውብኝ ሶማሌ ተራ ምትክ ፍለጋ ወርጄ ነበር። ዋጋ እየተከራከርኩ ሳለ አጠገባችን ያለው ባለ ሱቅ ያገለገለች ትንሽ የጋዝ ምድጃ ለገዢ ሊያሳይ ማዞሪያዋን ከፍቶ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ከመያዙ በፊት የጋዙ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ክርክሬን ረስቼ ዝም ብዬ ቆምኩ። የእኔ ሻጭ በዋጋው የተናደድኩ መስሎት ወዲያው ቀነሰልኝ።

ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ መባቻ፣ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው። የዚያን ጊዜ በቤታችን የሆነው ነገር አብዛኛው አልገባኝም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

የምንኖረው አማኑኤል አካባቢ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ባለው ቤት ነበር። አባዬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አንድ ቀን ከሁለት ነጋዴዎች ጋር በሽርክና አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ገዛ። አገር ለአገር የሚዞሩ ፈረንጆች አምጥተውት ሞተሩ ነክሶ ሲቆምባቸው ሸጠውት የሄዱ ነው። ውስጡ አልጋ አለው፣ የእጅ መታጠቢያ አለው፣ መጋረጃ አለው። አባዬ ሊያሳየኝ ወሰደኝና ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ፈረንጆች ቤት መከራየት አቅቷቸው መኪና ውስጥ የሚኖሩ ድሆች መሰሉኝና አሳዘኑኝ።

መኪናው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበታትኖ አለቀ። ጎማው፣ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ አልጋው ሳይቀር ተሸጠ። ገዢ ያጣው ፍሪጁ ብቻ ነበር። ወገቤ ድረስ የሚደርስ ግራጫ ሳጥን ነው። ለሙከራ መብራት ላይ ሲሰኩት ድምፅ የለውም፤ አያንጎራጉርም፣ አይንቀጠቀጥም። ድምፅ የሌለው ፍሪጅ ደግሞ የሞተ ፍሪጅ ነው እየተባለ የመጣው ገዢ ሁሉ ተመለሰ። በመጨረሻ በድርሻው ቆጥሮ አባዬ ወደ ቤት አመጣው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችውና “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” አለች፤ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ልብስ ማስጫ አደረገችው።

ጋሼ ይመር የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ትንሹን አባዬን ይዘው ከወሎ መጥተው፣ መርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፉ አሳደጉት፣ አስተማሩት። ሚስት አላገቡም፤ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። አባዬ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ውለታቸውን ለመመለስ ያላደረገው ሙከራ የለም። ጫማ ሲገዛላቸው ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሥራ ይተዉ ሲላቸው በማግስቱ ማልደው ይወጣሉ። “እኔ ምን ጎደለኝ?” ነው መልሳቸው። ቀልደኛ ነበሩ፣ ግን በዚህ ነገር ላይ እንደ በሬ ግትር ናቸው።

የቀኝ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ግራው ደግሞ በዚያው በሽታ ተይዞ ነበር። ሐኪሙ በየማታው አንድ ጠብታ ካላደረጉ እሱም ይሄዳል፣ የሄደው ደግሞ አይመለስም ብሏቸዋል። ጠብታው ከተማው ውስጥ ጠፍቶ ስለነበር ከጅዳ የመጣ ዘመድ ጥቂት ጠርሙሶች ይዞላቸው መጣ። የጣቴን ጫፍ የሚያክሉ ጠርሙሶች ናቸው። ሌላ ከየት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እማዬ “ሙቀት ይገድለዋል” ስትል ሰምቼ ጠርሙሱ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር የተዘጋበት መስሎኝ ሰው ሳያይ ከብርሃን ፊት ይዤ እፈልገው ነበር።

ጋሼ ይመር ጠዋት ጠዋት ከሶላት በኋላ በሩ ላይ ቆመው መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እማዬ ሳህን እንኳን አታንኳኳም። ክሩ ሲገባ “አልሐምዱሊላህ” ይሉና መርፌውን ኮታቸው ላይ ሰክተው ይወጣሉ። እኔ ይህ የልብስ ሰፊዎች ጸሎት መስሎኝ ነበር። ዐይናቸውን እየፈተኑ እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

እኛ የሚሠራ ፍሪጅ ስላልነበረን ጠብታው የሚቀመጠው ጥጉ ላይ ሱቅ ካለው ከሸምሱ ዘንድ ነበር። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፣ ወሬው ከዕቃው ይበልጣል። በለስላሳ ጠርሙሶቹ መሀል ለጋሼ ይመር ጠብታ አንዲት የቡና ሲኒ አዘጋጅቶ ነበር። መጋቢት ላይ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ጠፋ። ዛሬ ነገ ይመጣል እየተባለ ቀናት ተቆጠሩ። ጣሪያው ከቀትር በኋላ እጅ ያቃጥላል። የሸምሱ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ሆኖ ቀረ፤ ሸምሱም ሲኒውን ይዞ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ አስረከበን።

ያን ጊዜ ነው አባዬ በረንዳው ላይ ያለውን ግራጫ ሳጥን ያስታወሰው። የእማዬን ልብስ አነሳና ፊቱን ጠረገው። ማዞሪያው ላይ ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ የመብራት ሶኬት፣ ሦስተኛው የእሳት ነበልባል። ነበልባሉን ሳይ ፍሪጁ ምግብም የሚያበስል መሰለኝ። እማዬም እንደዚያ ሳይመስላት አልቀረም።

አባዬ መጀመሪያ ከሱቁ የመኪና ባትሪ አምጥቶ አገናኘው። ሌሊቱን ትንሽ እንደ መቀዝቀዝ አለና ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሙሉ ባትሪ ጠጥቶ መጨረሱን ሲያይ አባዬ ጭንቅላቱን ያዘ። ይህ ነገር ባትሪ የሚፈልገው መኪናው እየሄደ ሞተሩ ሲሞላለት እንደሆነ ያኔ ገባው። የቀረው እሳቱ ነበር። የጋዝ ሲሊንደር አምጥቶ በጎማ ቱቦ አገናኘ፤ እማዬ እሳቱ ቤት አይገባም ስላለች እዚያው በረንዳው ላይ ለኮሰው።

አለኳኮሱ እንዲህ ነው። ማዞሪያው ወደ ነበልባሉ ይዞራል፣ ተጭኖ ይያዛል፣ በሌላ እጅ አንዲት ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ትደረጋለች። እሳቱ ከያዘ በኋላም ማዞሪያውን ቶሎ ከለቀቁት ይጠፋል። አባዬ ብዙ ጊዜ ጠፋበት። በኋላ ማዞሪያውን እንደተጫነ የቁርኣኑን መክፈቻ አልፋቲሃን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርቶ ሲለቀው እሳቱ ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የሚለኩሰው አልፋቲሃ እየቀራ ነው። ጊዜ መለኪያው መሆኑን ማን ይንገረኝ? እሳቱን የያዘው ቁርኣኑ መሰለኝና ፈረንጆቹ ምን እያሉ ይለኩሱት እንደነበር ለብዙ ቀን አሰብኩ።

ነበልባሉ ከጀርባው በታች ባለች ቀዳዳ ነው የሚታየው። ለማየት በሆድ መተኛት ስለሚያስፈልግ ሥራው የእኔ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳን ሳላወርድ እተኛና “ሰማያዊ ነው” እላለሁ። ጀርባው ይፋጃል፤ በተለኮሰ በማግስቱ በሩን ስንከፍት ግን ውስጡ የተቀመጠው ውሃ ጥርስ የሚያም ሆኖ ነበር። ከሥር እሳት እየነደደ ከላይ ውሃ ሲቀዘቅዝ በዐይኔ አየሁ። አስተማሪያችንን እሳት ያቀዘቅዛል ወይ ብዬ ብጠይቃት ክፍሉን ሁሉ አሳቀችብኝ።

አባዬን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሶማሌ ተራ ያሉ ነጋዴዎችን እየጠራ አሳየ። ጋሼ ይመር ማታ ጠብታዋን ሲያደርጉ “ነከሰችኝ” ይሉ ነበር፤ እሱ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ለወንድሙ የሰጠው፣ ወንድሙም ለሌላ አሳልፈው ያልሰጡት የመጀመሪያው ነገር ያ ፍሪጅ ነበር።

በውስጡ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጎን፣ አንዲት የመስታወት ቱቦ ተለጥፋለች። ትንሽ ጣቴን ታክላለች። አረንጓዴ ውሃ ተሞልታ ውስጧ አንዲት አረፋ አለች፤ መሀሏ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉባት። አረፋዋ በመስመሮቹ መካከል ቆማለች። ፍሪጁ ከመለኮሱ በፊት የት እንደነበረች ያየ ሰው የለም። አባዬ ነርሶች ብብት ውስጥ የሚያስገቡትን የትኩሳት መለኪያ ጠቅሶ ይህችም የቅዝቃዜ መለኪያ ናት አለ። ሸምሱ መጥቶ አይቶ ትክክል ነው አለ። ሁለት ነጋዴዎች ከተስማሙ በኋላ ማን ይከራከራል?

እንግዳ ሲበዛ ፍሪጁ በረንዳ ላይ መቀመጡ አሳፋሪ ሆነ። እማዬም እሳቱን ለምዳው ስለነበር ሳሎን መስኮቱ ሥር እንዲገባ ፈቀደች፤ መስኮቱ ቀንም ሌሊትም ክፍት እንዲሆን አዘዘች። ከላዩ ዳንቴል አለበሰችው፣ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት። አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። መኪናው ሲፈታ የፍሪጁ በር መቆለፊያ ተሰብሮ ስለነበር በሩ በራሱ አይዘጋም። በረንዳ ላይ በሲባጎ እናስረው ነበር፤ በዳንቴልና በአበባ ሥር ግን ሲባጎ አይሆንም። ስለዚህ ፍሪጅ ያላት ሴት ሁሉ የምታደርገውን አደረገች። ከፊት እግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ እንጨቶች አስገብታ ወደ ኋላ ዘንበል አደረገችው። በሩ በራሱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

በማግስቱ ስከፍተው አረፋዋ መስመሮቹን አልፋ ጫፍ ድረስ ሄዳለች። ለአባዬ ስነግረው ዘሎ ተነሳ። ቅዝቃዜው ጨምሮ ከመለኪያው አልፏል ማለት ነው አለ። በሩ በጥብቅ ስለተዘጋ ነው ብሎ እማዬን አመሰገናት፤ እማዬ በአንድ ወር ውስጥ ካገኘችው ምስጋና ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ነበር። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ በቀን አንዴ፣ ማታ ጠብታውን ሳወጣ ብቻ እንዲከፈት ተወሰነ።

እኔም በየማታው እከፍታለሁ። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። አረፋዋ ጫፍ ላይ ናት። ጠርሙሷን ስይዛት ግን እጄን አትቀዘቅዘኝም። ለአባዬ ውስጡ ይሞቃል አልኩት። ከውጭ ስለገባሽ እጅሽ ነው የቀዘቀዘው አለኝ። ሁለተኛ ቀንም አልኩት፤ መለኪያው ይዋሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መለኪያ ይዋሻል ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። ምናልባት ከእሳት የሚመጣ ቅዝቃዜ ሲበዛ እንደዚህ ለብ የሚል ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንደዚያ ባለ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት በሕይወቴ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላው ይሆናል፣ ጋሼ ይመር ቤት ውስጥ እጅጌ ሲጠልፉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከእሳቸው ጋር መነጋገር ቀላል ነው፤ ከሥራቸው ቀና አይሉም።

“ጋሼ፣ ጠብታው እኮ አይቀዘቅዝም።”

“አውቃለሁ” አሉ።

አዋቂ ሰው እኔ የማውቀውን ነገር ቀድሞኝ ያውቃል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

“ድሮ ዐይኔ ውስጥ ሲገባ ይነክሰኝ ነበር” አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየቆረጡ። “ሰሞኑን እንባ ነው የሚመስለኝ። ይግባ አይግባም አላውቅም።”

“ታዲያ ለአባዬ ለምን አይነግሩትም?”

“አባትሽ ጢም ካበቀለ ጀምሮ አንድ ነገር ላድርግልዎ እያለ ሲለምነኝ ኖረ። እምቢ እንዳልኩት ኖርኩ። አሁን አደረገ። አየሽው አይደል፣ ሲሄድ መሬት አይነካም። አልቀዘቀዘም ልበለው?”

“ዐይንዎስ?”

“እሱን አላህ ያውቃል። እስቲ ያን መቀስ አቀብዪኝ።”

መቀሱን ሰጠኋቸው። ከዚያ ሄጄ በሆዴ ተኛሁና እሳቱን አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ የጎደለው ነገር የለም። ሙቀት ይገድለዋል የተባለው ያ በጠርሙስ ውስጥ ያለው ነገር በዝግታ እየሞተ እንደሆነ፣ ጋሼም ይህን እያወቁ አባዬ እንዳይከፋው ዝም እንዳሉ ገባኝ። ይህ ደግነት ይሁን ጥፋት ግን አልገባኝም።

በማግስቱ ሸምሱ እራት ተጋብዞ መጣ። አባዬ ወሬውን እንደ ልማዱ ወደ ፍሪጁ አመጣውና ጋሼ ይመርን ምስክር ጠራ። “እስቲ ጋሼ ይንገሩት፣ ይቀዘቅዛል አይቀዘቅዝም?”

ጋሼ ይመር ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው “በረዶ ነው” አሉ። “ዐይኔን ያደነዝዘዋል።”

ተንኮል አስቤ አይደለም። ግራ ገብቶኝ ነው የጠየቅኳቸው። “ትናንት እኮ እንባ ይመስላል ብለውኝ ነበር።”

ሸምሱ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። አባዬ ወንድሙን አያቸው፤ ጋሼ ደግሞ ትሪውን። ከዚያ አባዬ ተነሳና ፍሪጁን ከፍቶ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ። እጁን ቶሎ አላወጣውም። በሩ ክፍት ሆኖ ቅዝቃዜ ይወጣል ብዬ ሰጋሁ፤ የሚወጣ ቅዝቃዜ እንዳልነበረ ረሳሁት። ሸምሱ መሽቷል ብሎ ሄደ። እማዬ የሰው ዐይን ነው አለች፤ ያን ሁሉ ሰው እየጠራችሁ አሳያችሁት አለች። አባዬ ዳንቴሉንና አበባውን ወደ ጎን አድርጎ እሳቱን አጠፋ፣ ቱቦውን ፈታ፣ ያን የሚያህል ሳጥን ብቻውን ተሸክሞ ድሮ ይሠራበት ወደነበረው በረንዳ አወጣው። በሩን በሲባጎ አስሮ አልፋቲሃውን እየቀራ እንደገና ለኮሰው።

ጠዋት ስነሳ አባዬ በረንዳው ላይ በርጩማ አምጥቶ ተቀምጧል። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጠው ውሃ ቀዝቅዟል። አረፋዋ ግን ወደ መሀል ተመልሳ በሁለቱ መስመሮች መካከል ቆማለች። እሱ እንዳለው ቢሆን ኖሮ ቅዝቃዜው ቀንሷል ማለት ነበር። ውሃውን ይቀምሳል፣ አረፋዋን ያያል፣ ደግሞ ይቀምሳል። በመጨረሻ የፍሪጁን ፊት በእጁ ትንሽ ብድግ አደረገው። አረፋዋ ሮጣ ጫፍ ላይ ደረሰች። ሲያወርደው ተመለሰች። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አደረገ።

“ውሃ ልክ ነው” አለ። “ግንበኛ የሚይዘው ውሃ ልክ። ሳጥኑ እንዳይዘምም ነው እንጂ ስለ ቅዝቃዜ ምን ታውቃለች?”

ኋላ እንደተረዳሁት እንደዚህ ያለው ፍሪጅ ሞተር ስለሌለው በውስጡ ያለው ፈሳሽ በራሱ ቁልቁለት ነው የሚሄደው። ከዘመመ ፈሳሹ ይቆማል፤ እሳቱ በከንቱ ይነድዳል። የእማዬ እንጨቶች በሩን ዘጉት፣ ቅዝቃዜውንም አብረው ዘጉት። ለእማዬ ይህን ማንም አልነገራትም። እሷም የሰው ዐይን ነው ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም።

ጋሼ ይመር መርፌና ክራቸውን ይዘው ሲወጡ አባዬ ከበርጩማው አልተነሳም።

“ለምን አልነገሩኝም?” አላቸው።

“ደስ ብሎህ ነበራ።”

“የእኔ ደስታ ዐይን ያህላል?”

ጋሼ ክሩን ወደ መርፌው አስጠጉ፣ ሳተ፣ እንደገና አስጠጉ። ገባ። አልሐምዱሊላህ ሳይሉ ነው የወጡት።

ሞቆ የሰነበተውን መድኃኒት ይጣል ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስን አልነበረም። ሌላ ጠብታ ስላልነበረ በዚያው ቀጠሉ። ሰኔ መባቻ ላይ የሐኪም ቀጠሮ ደረሰና ጋሼ፣ አባዬና እኔ ሄድን። እኔ የሄድኩት ጋሼን በቀኝ በኩል እጃቸውን ለመያዝ ነው፤ በዚያ በኩል ሰው ሲመጣ አያዩም። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ የግራ ዐይናቸው እይታ ከዳር በኩል እንደጠበበ ነገረን። መሀሉ ደህና ነው፣ መርፌም ጋዜጣም ያያሉ፣ ከዳር የሄደው ግን ሄዷል አለ። አባዬ ስለዚያ ሳምንት ነገረውና በዚያ ምክንያት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ በሽታው ራሱ ሊያደርገው ይችላል፣ የሞቀው መድኃኒትም ሊያደርገው ይችላል፣ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አለ። አባዬ መልሶ ጠየቀው። ሐኪሙ ያንኑ መለሰለት። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቅ ወደ ኋላ ሲዞር ጋሼ ክንዱን ይዘው አስቀሩት።

የዚያን ዕለት ማታ ጠብታውን ላመጣ ስነሳ አባዬ ተቀመጪ አለኝና ራሱ ሄደ። ጋሼ ይመር እንደተለመደው ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቁ። አባዬ ጠርሙሷን ይዞ ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ የራሱን ዐይን ጨፍኖ ጠርሙሷን ሽፋሽፍቱ ላይ አሳረፋትና ቆየ።

“በረዶ ነው፣ በረዶ ነው” አሉ ጋሼ ገና ጠብታው ሳይነካቸው።

አባዬ መቀዝቀዟን በራሱ ዐይን ካረጋገጠ በኋላ ነው የእሳቸውን የከፈተው። መብራት ከመጣም፣ አዲስ ጠብታ ከተገኘም በኋላ አንድም ማታ ቃላቸውን አምኖ አያውቅም።